ሶፍትዌርና የዲስፕሌይ ድራይቨር ስራውን እንዴት ይካፈሉታል

ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ዲዛይን ቤትም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የሰርግ ባነር ላይ ዙም ሲደረግ ስክሪኑ ቁርጥ ቁርጥ ካለ መጀመሪያ የሚሰደበው ፎቶሾፕ ነው፣ አቦ ደከመኝ በዚህ ሶፍትዌር ይባላል። ሶፍትዌሩ ግን ስዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ በቀጥታ አያዘውም እኮ። ይሄን ምስል እዚህ ጋ አድርግ፣ ይሄን ቅርጽ ሙላ የሚለውን ትዕዛዝ ሶፍትዌሮች ስዕል በሚያዙባቸው የጋራ ቋንቋዎች፣ በዳይሬክትኤክስ ወይም እ.ኤ.አ ከ1992 ጀምሮ ባለው በኦፕንጂኤል ይሰጣል፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያናግረው ፕሮግራም) ተቀብሎ ካርዱ ወደሚገባው ኮድ ይቀይረዋል፣ ሼደር የሚባሉትን፣ የምስሉን ቀለምና ብርሃን የሚያሰሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞችም ለዛ ካርድ ኮምፓይል የሚያደርገው እሱ ነው፣ አንዳንድ ጌም መጀመሪያ ላይ የሚንቀራፈፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዊንዶውስ ላይ ከቪስታ (እ.ኤ.አ 2007) ወዲህ ድራይቨሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ከሶፍትዌሩ ጋር ሆኖ ትዕዛዝ ያዘጋጃል፣ ሌላው ከርነል (የዊንዶውስ ዋናው እምብርት) ውስጥ ሆኖ ሜሞሪውን ያስተዳድራል ምናምን። በኔ እይታ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ከቪስታ በፊት በነበረው በኤክስፒ ዘመን ድራይቨር ሲሳሳት ሰማያዊው ስክሪን ድርግም ይል ነበር፣ አሁን ካርዱ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ሪሴት ያደርገውና ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ይመለሳል፣ ሁሌ ባይሳካለትም።

ሁሉም ስራ ደግሞ ወደ ካርዱ አይሄድም። ፎቶሾፕ ሲኤስ4 ከሚባለው ቨርዥኑ (እ.ኤ.አ 2008) ጀምሮ ዙምንና ካንቫስ ማዞርን ለካርዱ ሰጥቷል፣ ፋይል ሴቭ ማድረግ ግን የዋናው ፕሮሰሰር (የሲፒዩ) እና የዲስክ ስራ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ባነር ሴቭ ሲሆን ለሚፈጀው ጊዜ ብለህ ውድ ካርድ ብትገዛ ገንዘብህን ነው የምታባክነው።

ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ድራይቨሩ ሳይጫን ከቀረ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ታያለህ፤ ያኔ ስዕሉን ሁሉ ሲፒዩው ይሸከመዋል፣ መስኮት ስትጎትት ይንቀጠቀጣል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ በድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ሲፒዩው ሲግል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንስና ይብስበታል። ሊኑክስ ላይም ለካርዱ የሚሆን ድራይቨር ካልተገኘ ሜሳ የሚባለው የግራፊክስ ሶፍትዌር ስዕሉን በሲፒዩ ይሰራዋል፣ ይሰራል ግን ቀርፋፋ ነው።

ሁለት ካርድ (አንድ ደካማ፣ አንድ ጠንካራ) ያለው ላፕቶፕ ላይ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ብዙዎቹ ላይ ስክሪኑ የተያያዘው ከደካማው ጋር ነው፣ ጠንካራው ስሎ ሲጨርስ ምስሉን ወደዛኛው ይገለብጣል፣ ሶፍትዌርህ የቱን እንደሚጠቀም ከሴቲንግ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ገብተህ ሃይ ፐርፎርማንስ ብለህ መምረጥ ትችላለህ።