አይጥ ወሬ አትሰማም፦ ስለ አይጥ ድሬ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ግንቦት ላይ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ኮርኒሳችን ላይ ሩጫ ተጀመረ። የድሬ ሙቀት ብቻውን እንቅልፍ ይነሳል፤ አሁን ደግሞ ይሄ ተጨመረ። ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ የማሽላው ጆንያ ግርጌው ተበስቷል፤ ፍሬው ወለሉ ላይ ፈሷል። ለጎረቤታችን ለእማማ «መርዝ ልገዛ ነው» ብዬ ሳልጨርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በል ልጄ! ይሰማል።»

በዚያ ወር ሰፈራችን ከዚራ ውስጥ ያልተመከርኩት ነገር የለም። ብዙውን ሞከርኩት። አንዳንዱ ጥቅም የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ይሄን የምጽፈው ለዚህ ነው።

«አይጥ ወሬ ይሰማል፤ መርዝ ልትገዙ ስትሉ ስሙን አትጥሩ»

እማማ የሚሉት ነገር ከምንም የመጣ አይደለም። መርዙ ይቀመጣል፣ ሳይነካ ያድራል። «ሰምቶ ነው» ይባላል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ትልቁ አይጥ፣ አይጠመጎጥ የምንለው፣ አዲስ ነገር ይፈራል። በሚመላለስበት መንገድ ላይ ትናንት ያልነበረ ዕቃ ካየ ለቀናት ዞሮ ያልፈዋል። በኋላ ሲደፍርም ጥቂት ብቻ ይቀምሳል። ከቀመሰው በኋላ ቶሎ ካመመው ያንን ምግብ ዳግም አይነካም። እንደ ዚንክ ፎስፋይድ ያለው፣ ጥቁር ዱቄት የሆነው ፈጣን መርዝ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው በዚህ ነው።

ስለዚህ ለአይጠመጎጥ ወጥመድ ስታስቀምጡ መጀመሪያ አታጥምዱት። ምግቡን አድርጉበትና ሳይወጠር ለጥቂት ቀናት ተዉት። በነፃ በልቶ ይልመድ። መብላቱን ስታዩ ያን ማታ አጥምዱ።

ትንሿ አይጥ ተቃራኒ ናት። አዲስ ነገር ስታይ መጥታ ታሸታለች። በሁለት በሦስት ሌሊት ካልተያዘች ወጥመዱ ያለቦታው ነው፤ አንሱና ሌላ ቦታ አድርጉት።

«ትንሿ የትልቁ ልጅ ናት»

አይደለችም። ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው። ትንሿ አድጋ ጨርሳ እንኳን ከ15 እስከ 25 ግራም ብትመዝን ነው። አይጠመጎጥ ከ150 ግራም በላይ ይሄዳል። የትኛው ቤታችሁ እንዳለ በኩሱ ይለያል፤ የትንሿ እንደ ሩዝ ፍሬ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፣ የትልቁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ይሄን ሳያዩ ወጥመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የትንሿ ወጥመድ ትልቁን አይዝም።

«መርዝ የበላ አይጥ ውሃ ይጠማዋል፤ ወጥቶ ደጅ ይሞታል»

ይሄን አምኜ ነው የተጎዳሁት። በመርዙ በአምስተኛው ቀን ኮርኒሱ ጸጥ አለ፤ ደስ አለኝ። በሰባተኛው ቀን ሽታው መጣ። የግንቦት ሙቀት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ የሞተ አይጠመጎጥ። እጣን ብናጨስ፣ በር ብንከፍት፣ ወይ ፍንክች! መጨረሻ ላይ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ሁለት ጣውላ ገንጥዬ አወጣሁት። ትሉ ፊቴ ላይ ሲረግፍ እስካሁን አልረሳውም።

የብዙዎቹ ዘመናዊ መርዞች አሠራር ደም እንዳይረጋ ማድረግ ነው። ለደም መርጋት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬ ሰውነት መልሶ እንዳይጠቀምበት ይከለክላሉ። እንስሳው ከሦስት እስከ ሰባት ባለው ቀን ውስጥ በውስጡ ደም እየፈሰሰ ይሞታል። ውሃ ፍለጋ የሚያስወጣው ነገር የለም። ሲደክም የሚሄደው ወደ ጎሬው ነው፤ ጎሬው ደግሞ ግድግዳችሁ ወይም ኮርኒሳችሁ ነው። የሞተውን የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች።

ቤት ውስጥ መርዝን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት የምለው ለዚህ ነው። ግድ ከሆነም ምንነቱ የተጻፈበትን ግዙ። መንገድ ዳር በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ዱቄት ተዉት፤ ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም። ልጅና ዶሮ በማይደርስበት፣ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

«የነቀዙ ክኒን አይጥም ይገድላል»

እባካችሁ፣ ይሄን ላስምርበት። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አይጥ ይገድላል፣ እውነት ነው። እዚያው ክፍል የተኙ ልጆችንም ይገድላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ፣ በቀዳዳ ውስጥም ሆነ ከጆንያ ሥር፣ ፈጽሞ እንዳታደርጉት።

«መርዝ የቀመሰ ልጅ ወተት ይጠጣ»

ወተት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፤ አታስታውኩትም። ልጁንም የመርዙን መያዣም ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ለቀናት ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» አያስተማምንም። ለዚያኛው ዓይነት ሐኪም የሚሰጠው ቫይታሚን ኬ አለ። ሐኪሙ ምን እንደሚሰጥ የሚያውቀው ግን የመርዙን ስም ሲያውቅ ነው።

«ድመት ካለ አይጥ የለም»

ድመት ትንሿን ትይዛለች። ትልቁን ግን ብዙ ጊዜ አትደፍረውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ኒውዮርክ ውስጥ አይጠመጎጥ የሞላበት የቆሻሻ ማቀነባበሪያ ድርጅት በካሜራ ለ79 ቀናት ተከታትለው ነበር። እዚያ የነበሩት ድመቶች በዚያ ሁሉ ቀን የገደሉት ሁለት ብቻ ነው። ድመቶቹ ሲኖሩ አይጦቹ ተደበቁ እንጂ አልጠፉም። የኛም ሰፈር ድመቶች ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ተኝተው ነው የሚውሉት።

አይጥ የሚያባርር ድምፅ ያወጣል የሚባል፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃም አለ። አትግዙት። ድምፁ ግድግዳና ቁምሳጥን አያልፍም፤ እነሱም ቶሎ ይለምዱታል። የአሜሪካ መንግሥት የንግድ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች ማስጠንቀቂያ የጻፈው ያለ ማስረጃ ስለሚያስተዋውቁ ነው። አይጥ እንዲጣበቅበት የሚቀባው ማስቲሽም ድሬ ላይ አቧራ ሲለብስ መያዙን ይተዋል። የተያዘውም ቀስ ብሎ ተሠቃይቶ ነው የሚሞተው፤ እኔ አልወደውም።

«ወጥመድ ላይ ሥጋ መሆን አለበት»

ከባቢሌ ለውዝ የሚበልጥ አላገኘሁም። ቆልታችሁ ውቀጡት፣ በትንሽ ዘይት ለውሱት፣ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ወጥመዱ ምላስ ላይ ለጥፉ። ብዙ ካደረጋችሁ ወጥመዱን ሳያስፈነጥር ልሶ ይሄዳል። ወጥመዱን ክፍሉ መሀል አታስቀምጡ፤ አይጥ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ምግቡ ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ይዙር። አንድ ብቻም አይበቃም። እኔ ከቀፊራ ገበያ ስድስት ገዝቼ በአንድ ማታ አስቀመጥኳቸው።

«ንጹሕ ቤት አይጥ አይገባም»

ይሄ ሰው ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሰው ይደብቃል። ትንሿ አይጥ በቀን ሦስት ግራም ገደማ ብትበላ ይበቃታል። ያ ከምድጃ ሥር የወደቀ የማሽላ ፍሬ ነው። ንጽሕና ይረዳል፤ እህሉን ክዳን ባለው የብረት በርሜል አድርጉ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አሠሩ፣ የውሃ ጀሪካኖቹን ክደኑ። አይጠመጎጥ ያለ ውሃ አይቆይምና። ግን ቤቱ ቀዳዳ ካለው ንጽሕናው ብቻ አያስቀራቸውም።

እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ለትንሿ በር ነው። አውራ ጣት የሚያስገባው ለትልቁ ይበቃል።

የኔን ያገኘሁት በዱቄት ነው። ማታ በየግድግዳው ሥር ስስ ዱቄት ነሰነስኩ። ጠዋት በባትሪ ሳይ ጥቃቅን እግሮችና መሀላቸው የጅራት መስመር። ተከትዬው ሄድኩ፤ ከምጣዱ ጀርባ፣ የውሃው ቧንቧ ከግድግዳው በሚወጣበት በኩል ገባ። ዙሪያው በቅባት ጠቁሯል። ስንት ዓመት እዚያ ቆሜ ቡና ፈልቶልኛል፣ አይቼው አላውቅም።

በጋዜጣና በጨርቅ አትድፈኑ፤ በአንድ ሌሊት ነው የሚቦረቡሩት። የፊት ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፣ እንጨትና ፕላስቲክ አያቆማቸውም። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አጭቄ በላዩ ላይ ሲሚንቶ መረግሁበት። ከበሩ ሥር ላሜራ መታሁ። ጣሪያው ግድግዳውን በሚነካበት በኩል ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ቸነከርኩ። ጣሪያውን የነካውን የኒም ቅርንጫፍም ቆረጥኩት፤ ለካስ ደረጃቸው እሱ ነበር። ውስጥ የቀሩትን ወጥመዱ ጨረሳቸው።

«ኩሱን ጠርጎ መጣል ነው»

ደረቁን አትጥረጉ። ብናኙን ትተነፍሱታላችሁ፤ በኩሳቸውና በሽንታቸው የሚተላለፍ በሽታ አለ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ በጥብጣችሁ አርሱት። አምስት ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በወረቀት አንስታችሁ ጣሉ።

እማማ አሁንም ስሙን አይጠሩም። ግን ባለፈው ሳምንት መጥተው የእሳቸውን ቧንቧ እንዳይ ጠሩኝ። ሲሚንቶ ተርፎኝ ነበር፤ ይዤ ሄድኩ።