ቴምፖን ከሉፕ ማውጣት ምንድን ነው?

ክራር ይዛችሁ ከላፕቶፕ ጋር ብቻችሁን ለመጫወት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የሚያስቸግራችሁ ክሊኩ ነው። ሶፍትዌሩ በደቂቃ 120 ምት ላይ ተቀምጦ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ እናንተ ከኋላው ትሮጣላችሁ። ጣታችሁ ትንሽ ረጋ ማለት ፈልጎ ነበር። ክሊኩ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ቴምፖን (የዘፈኑን ፍጥነት) ከሉፕ (ተቀድቶ እየተደጋገመ ከሚዞር ቀረጻ) ማውጣት ይህን ይገለብጠዋል። ክሊክ የለም። በራሳችሁ ፍጥነት መጫወት ስትጀምሩ ፔዳሉን ትጫናላችሁ፣ ዙሩ ሲሞላ ደግማችሁ ትጫናላችሁ፣ ሶፍትዌሩም በመካከል ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ለክቶ የዘፈኑን ቴምፖ በዚያው ልክ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ከበሮውም ቤዙም ዲሌዩም (ድምፁን እያዘገየ የሚደግመው) እናንተን ነው የሚከተሉት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቢቶቹን (የምቶቹን) ብዛት በ60 አባዝታችሁ ለሰከንዱ ማካፈል ብቻ። እያንዳንዱ አራት ቢት የሚይዝ 4 ባር (የምቶች ስብስብ) ከተጫወታችሁ 16 ቢት ነው፤ 8 ሰከንድ ከፈጀ 120 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ይወጣል፣ 10 ሰከንድ ከፈጀ 96።

ኤብልተን ላይቭ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ይህን የሚሠራው ሉፐር የሚባለው ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ከላይቭ 8 ጋር የመጣ። የቴምፖ መቆጣጠሪያውን «ሴት ኤንድ ፎሎው ሶንግ ቴምፖ» የሚለው ላይ ታደርጉታላችሁ። የሶንግ መቆጣጠሪያውን ደግሞ «ስታርት ሶንግ» ላይ፣ ሉፑ እንደተዘጋ የቀረው ሁሉ አብሮ እንዲነሳ። የቀረጻውን ርዝመት «ኤክስ ባርስ» ላይ ተዉት፤ ያኔ እናንተ እስክትዘጉት ድረስ መቅዳቱን ይቀጥላል። ኳንታይዜሽኑን (መጫናችሁን ከምት ጋር የሚያስተካክለውን) አጥፉት፣ አለዚያ የተጫናችሁበትን ቅጽበት ገና ወዳልተወሰነ ቴምፖ ሊጎትተው ይሞክራል። በቃ ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ሁለተኛው መጫን ነው። እኔ ለሳምንታት የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያልኩ እቆጥርና የመጨረሻው አራት ላይ እዘጋለሁ፣ ምክንያቱም ጆሮዬ ዙሩ እዚያ ያለቀ ይመስለው ነበር። አራቱ ግን ገና መጀመሩ ነው፤ የሚያልቀው ቀጣዩ አንድ ሲመጣ ነው። ስለዚህ 16 ቢት መስሎኝ 15 ብቻ ቀዳሁ፣ 8 ሰከንድ መሆን የነበረበት 7 ተኩል ሆነ፣ ሶፍትዌሩም 16 ነው ብሎ ስለገመተ 128 ቢፒኤም ሰጠኝ። ክራሩ በየዙሩ እየተሰናከለ ይመለሳል፣ ከበሮው ይሸሻል፣ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው እያልኩ ስነቅልና ስሰካ አመሻለሁ። መዝጊያው የሚቀጥለው አንድ ላይ ነው። እጃችሁ ሳይቆም ወደ ሁለተኛው ዙር እየገባ እግራችሁ ይጫን።

አጭር ሉፕ ደግሞ አይምርም። አንድ ባር በ120 ሁለት ሰከንድ ነው። እግራችሁ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ከዘገየ ቴምፖው ወደ 114 ይወርዳል። ያቺው መዘግየት አራት ባር ላይ ብትሆን ግን 118.5 ገደማ ላይ ትቆማለች፣ ስህተቷ በ16 ቢት ላይ ስለምትበተን። ለዚህ ነው ጀማሪ ሁሉ በአራት ባር ቢጀምር የምመክረው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሉፐሩ የሚለካው ሰዓት እንጂ ሙዚቃውን አይሰማም። 8 ሰከንድ ስታስገቡለት 8 ቢት ይሁን 16 ወይም 32 የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ 60፣ 120 እና 240 ሁሉም በሒሳብ ልክ ናቸውና ለሙዚቃ የሚመስለውን ይገምታል። ሲጫወቱ እያዳመጠ ቴምፖውን በየቅጽበቱ የሚያስተካክል ሌላ ነገር አለ፣ ቴምፖ ፎሎወር ይባላል፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከላይቭ 11 ጋር የመጣ። እሱ ከበሮ መቺ ላለው ባንድ ጥሩ ነው። ለብቻ ለሚጫወት ሰው ሉፐሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

ግምቱ በጣም የሚያደናግረን ደግሞ እኛን ነው፣ ችክችካ ስንጫወት። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ (በአንድ ባር ስድስት አጫጭር ኖታ) ነው የሚሄደው፣ እግር በባር ሁለት ጊዜ ይመታል። አራት ባር በ6 ሰከንድ ብትጫወቱ እግራችሁ ስምንት ጊዜ መትቷል፣ ማለትም በደቂቃ 80። ላይቭ ግን ቢፒኤም የሚቆጥረው በሩብ ኖታ ነው፤ አንድ የስድስት ስምንተኛ ባር ሦስት ሩብ ኖታ ስለሚይዝ አራቱ ባር 12 ይሆናሉ፣ ትክክለኛው ቁጥርም 120 ነው። 80 ስትጠብቁ 120 ብታዩ አትደንግጡ። ይልቅ 160 ካያችሁ ያኔ ባሩን በአራት አራተኛ ቆጥሮታል ማለት ነው፣ ያዘጋጃችሁት የችክችካ ከበሮም አብሮት አይሄድም። ከመቅዳታችሁ በፊት የባሩን አቆጣጠር ከአራት አራተኛ ወደ ስድስት ስምንተኛ ቀይሩት።

ሌላው የክራር ሰው ሊያውቀው የሚገባው የቃና ጉዳይ ነው። ሉፑ ከተቀዳ በኋላ ቴምፖውን ብትነኩት ሉፐሩ እንደ ድሮ ካሴት ነው የሚሆነው፣ ሲፈጥን ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ከ120 ወደ 126 ብታወጡት ድምፁ ግማሽ ቶን ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ከፍ ይላል። በእጃችሁ ያለው ክራር ግን የተቃኘበት ላይ ነው ያለው፤ በትዝታ ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ደግሞ ጆሮ ይቆርጣል። ቴምፖ መቀየር የግድ ከሆነ ሉፑን ከሉፐሩ ጎትታችሁ ክሊፕ (ለብቻው የሚቀመጥ ቀረጻ) አድርጉትና ዋርፕ (ቀረጻን ከቴምፖው ጋር የሚያስማማውን) አብሩለት። ነጠላ ዜማ ከሆነ «ቶንስ»፣ አውታሮቹን አብራችሁ የምትመቱ ከሆነ «ኮምፕሌክስ» የሚለውን ሞክሩ፤ ፍጥነቱ ይቀየራል፣ ቃናው ባለበት ይቆያል።