የብስክሌት መሃል ጥገና በደሴና በኮምቦልቻ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ብስክሌት ፍሬኑን ይጨርሳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ደግሞ መሃሉን። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ነገሩን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን የሐረጎ ዳገት ነው። በቦርከና ሸለቆ የተዘረጋችው ኮምቦልቻ ለብስክሌት ትመቻለች። በጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ደሴ ግን ነጂውን ከመቀመጫው አንሥታ በፔዳሉ ላይ ታቆመዋለች።

መሃል ሲባል ሁለቱ የፔዳል ክንዶች፣ የሚያያይዛቸው ዘንግ፣ ዘንጉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎችና ካቴናውን የሚጎትተው ጥርስ ማለት ነው። የክንዱ ርዝመት በአብዛኛው 170 ሚሊ ሜትር ነው። ነጂው ዳገት ላይ ሙሉ ክብደቱን በክንዱ ጫፍ ላይ ሲጥል በመጋጠሚያው ያለች ትንሽ ክፍተት ሁሉ ድምፅ ታሰማለች። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ መጋጠሚያ ነው።

በቀድሞዎቹ የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ሽብልቅ ፒን ነው። ውፍረቱ 9 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን የማይለየው ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ወደ ሱቅ ያመላልሳል። ፒኑ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ብረት ይሠራል፤ ከዘንጉ ይልቅ እሱ ቢበላ ይሻላል። ሲገጠም ጠፍጣፋ ፊቱ በሞረድ ይስተካከልና በመዶሻ ይገባል። ዳዶው የገባውን ለመያዝ እንጂ ፒኑን ለመሳብ አልተሠራም፤ በቁልፍ ጉልበት ሊስቡት የሚሞክሩ የፒኑን ጥርስ፣ ማለትም ዳዶው የሚጠመዘዝበትን ጠመዝማዛ መስመር፣ ይበጥሱታል። ከክንዱ ሥር የቧንቧ ቁራጭ ካልተደገፈ ደግሞ የመዶሻው ምት ወደ ኩሽኔታው ብዮች አልፎ ብዮቹ የሚሽከረከሩበትን ጽዋ ይቦረቡራል። ያኔ በአንድ ፒን ሊያልቅ የነበረው ሥራ ዘንግ፣ ጽዋና በየጎኑ 11 ብይ ያስለውጣል።

በአዳዲሶቹ ላይ የዘንጉ ጫፍ አራት ማዕዘን ሲሆን የአሉሚኒየም ክንድ በላዩ ተጭኖ በቡሎን ይጠብቃል። እዚህ ላይ ስንፍና ዋጋ ያስከፍላል፤ ላልቶ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢጠብቅ አይያዝም፤ መቀየር ብቻ ነው። ክንዱ የሚወጣው በመንቀያ ነው። ቡሎኑና ቀለበቱ አስቀድመው ካልወጡ መንቀያው የክንዱን ጥርስ ነቅሎ ይዞት ይመጣል።

ጀማሪን የሚያሳስተው የጠመዝማዛው ጥርስ አቅጣጫ ነው። የግራ ፔዳልና የቀኝ ጎን ጽዋ የሚፈቱት በተቃራኒው ነው። ክንዱ ሲዞር ጫናው በፔዳሉ ዘንግ ዙሪያ ስለሚዞር ዘንጉን ጥቂት በጥቂት ወደ ተቃራኒው ይስበዋል፤ የግራውም በተራ ጥርስ ቢሠራ ኖሮ መንገድ ላይ ተፈትቶ ይወድቅ ነበር። ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው፤ የመሃሉ ጠመዝማዛ ጥርስ ግን በአብዛኛው የቀኙ ጽዋ በተቃራኒው የሚፈታበት የእንግሊዝ ልክ ነው። የጣሊያኑ ልክ ጽዋዎቹን በሁለቱም ጎን በተራ ጥርስ ያስራል።

የፔዳል ቀዳዳ ጥርሱ ሲበላ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ቀለበት ማስገባት ይቻላል። ፔዳሉን በብየዳ ማጣበቅ ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ፔዳሉ ራሱ ሲሰበር ግን ክንዱም አብሮ ይጣላል።

ካቴናውን የሚጎትተው ጥርስ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ ካቴናው ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። አዲስ ካቴና 24 መጋጠሚያው 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ 308 ሲደርስ ጥርሱን እየበላ ነው። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ሲገጠም ሜዳ ላይ ምንም ላይታወቅ ይችላል፤ ሐረጎ ላይ ነጂው ቆሞ ሲረግጥ ግን ካቴናው ይዘላል።