«የሞተው ዓሣ የታለ?» እና ሌሎች የሐዋሳ ተረቶች

ከአስፋልት የሚወርደው ጎርፍ የሐይቁን ዓሣ ይጎዳል ባልኩ ቁጥር ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ የሚመለስልኝ አንድ ነው፤ «ታዲያ የሞተው ዓሣ የታለ?» ሰልችቶኛል።

የማይታየው ጫጩት ስለሆነ ነው! ቆሮሶ (ቲላፒያ) እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹ ከአፏ ከወጡ በኋላ የሚያድጉት ሣር በበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። የመንገዱ ቦይ የሚደፋውም እዚያው ነው። ከጥፍር ያነሰ ፍጥረት ሲሞት ወፍ ይለቅመዋል፣ ወይም ደለል ውስጥ ይቀራል እንጂ ተንሳፍፎ አይጠብቃችሁም።

ደግሞስ መርዝ ሁሉ ወዲያው ይገድላል ያለው ማን ነው? ከነዳጅና ከሞተር ዘይት የሚመጡ ውህዶች እንቁላል ውስጥ ያለውን ጽንስ ልብ ያበላሻሉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ልቡ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል። ተርፎ ቢያድግም ዋናተኛነቱ ደካማ ነው። ከፍሬን ሸራ የሚረግፈው መዳብ ደግሞ በሳልሞን ጫጩቶች ላይ እንደተረጋገጠው ማሽተቻቸውን ያደነዝዛል፤ የአደጋ ሽታ ያልደረሰው ጫጩት ባለበት ይበላል። የተበላውን ማን በብክለት ሞተ ብሎ ይመዘግበዋል? መረቡ ሲቀል የሚወቀሰው አጥማጁ ብቻ ነው።

«ጎማ ላስቲክ ነው፣ ምን ያደርጋል?» አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ኮሆ ሳልሞን ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚያልቅበት ምክንያት ለዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመረው 6ፒፒዲ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ገዳይ ውህድ ይወጣዋል። ቅርብ ዘመዱ ቸም ሳልሞን ግን ይቋቋመዋል። ስለዚህ «አምባዛው ደኅና ነው» የሚለው መከራከሪያ ለቆሮሶ አይሠራም።

«ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ይበርዘዋል።» ሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው ይተናል፤ ብረቱ አይተንም።

«ዝናብ ያጥበዋል።» አስፋልቱን፣ አዎ።

«ጥፋቱ የፋብሪካ ነው።» የፋብሪካም ነው። ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤቴ ፋብሪካ እየረገመ የተቃጠለ ዘይቱን ቦይ ውስጥ ይደፋ ነበር። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! አሁን በጀሪካን ያጠራቅማል።

እናንተም አጠራቅሙ። መኪና ሐይቁ ዳር አትጠቡ። ቦይ የሚሠራ መሐንዲስ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ፣ ጎርፉን በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ከመልቀቅ በአሸዋና በብስባሽ በተሞላ፣ ሣር በበቀለበት ጉድጓድ ያሳልፈው፤ ኮሆን ይገድል የነበረው የመንገድ ውሃ እንዲህ ባለ አፈር ተጣርቶ ሲቀርብላቸው ዓሦቹ ተርፈዋል። ጉድጓዱ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ይድረስ፤ የበጋውን ጥራጊ ሁሉ ጠርጎ የሚያወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ነው።