ተመራጩና የፓርቲው ቀስቃሾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የከተማ ምክር ቤት አባል ለፓርቲው ቀስቃሾች ምን ሊያደርግላቸው ይችላል ሲባል፣ ግማሹ ሰው «ምንም» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ሁሉንም»። ሁለቱም ተሳስተዋል።

«ከተመረጠ በኋላ የሁሉም ተወካይ ነው፤ ቅስቀሳ ውስጥ መግባት የለበትም።»

የሁሉም ተወካይ መሆኑ እውነት ነው። ለመረጠውም ላልመረጠውም እኩል ማገልገል አለበት። ግን በፓርቲ ስም የተመረጠ ሰው ከፓርቲው አልተፋታም። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ቢለያይም፣ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ስልክና በራሱ ጫማ ዞሮ መቀስቀስ በአብዛኛው አይከለከልም። የሚከለከለው ወንበሩን ይዞ መቀስቀስ ነው።

«በቢሮ ማተሚያ 50 በራሪ ወረቀት ቢያትም ምን አለበት?»

አለበት እንጂ! ወረቀቱም ቀለሙም የሕዝብ ነው፤ ግብር ከከፈሉት መካከል ሌላ ፓርቲ የሚመርጡ ሞልተዋል። መኪናውም፣ ደመወዝ የሚከፈላት ጸሐፊም እንደዚያው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው፦ ስልክ ቁጥር። አንዲት እናት ጎርፍ ቤቴ ገባ ብላ አቤቱታ ታቀርባለች፣ ቁጥሯን ትታ ትሄዳለች። ከሳምንት በኋላ «ፓርቲያችንን ይምረጡ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። እሷ ቁጥሯን የሰጠችው ለጎርፉ ነው! «ያው የኛው ልጆች አይደሉ» ብሎ ዝርዝሩን ለቀስቃሾች ማቀበል የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር ያስጠይቃል፤ ሕጉ በሌለበትም ነውር ነው።

«ትልቁ እገዛ መድረክ ላይ ወጥቶ ንግግር ማድረግ ነው።»

እኔ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1998 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ አለን ገርበር እና ዶናልድ ግሪን በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ፣ ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ መራጮች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ቅስቀሳው የማንም ፓርቲ አልነበረም፣ «ውጡና ምረጡ» ብቻ። በራቸው ተንኳኩቶ ፊት ለፊት የተነገራቸው ሰዎች በግልጽ በዝተው ወጡ፤ ስልክ የተደወለላቸው ግን ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም።

ስለዚህ ሁለት ሰዓት የተረፈው ተመራጭ በር ላይ ያውላት። አንድ አዲስ ቀስቃሽ ያንኳኳል እንበል። ሰውዬው በራሪ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ «እዚያ ጥግ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሦስት ወሩ፣ መጀመሪያ እሱን ንገረኝ» ይለዋል። ልጁ ምን ይበል? አጠገቡ ተመራጩ ካለ ግን የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ መልሱን መቼ ይዞ እንደሚመለስ ይናገራል። ሰውዬው ድምፁን ላይሰጥ ይችላል፤ ልጁ ግን ቀጣዩ በር ላይ እንዴት እንደሚቆም አየ። (መብራቱ የሚሠራው ሰውዬው ከመረጠን ነው የሚመስል ቃል ግን ከማንም አፍ እንዳይወጣ።)

«ቀስቃሹ ራሱ አንብቦ ይወቅ።»

የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ትዕግስት ያለው ስንት ሰው ነው? ተመራጩ በአንድ ገጽ ይጻፍላቸው፦ ምን ጸደቀ፣ ምን ወደቀ፣ እኛስ ምን ብለን ድምፅ ሰጠን። የወደቀውን መደበቅ አያዋጣም፤ በር ላይ የሚጠየቁት እሱኑ ነው።

«ይሄ ሁሉ የምርጫ ሰሞን ሥራ ነው።»

ያኔማ ረፍዷል። በምርጫ ዋዜማ ብቅ የሚልን ተመራጭ ይዞ መዞር ቀስቃሹን ራሱ ያሳፍረዋል። በወር አንድ ቅዳሜ አብሯቸው የሚዞር ግን የትኛው ግቢ ውስጥ ተናካሽ ውሻ እንዳለ ሳይቀር ያውቃል።