የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ስለ ህዳሴ ግድብ በአማርኛ ያልተጻፈ የለም ማለት ይቻላል። ግድቡ ከመጀመሩ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የተለፋበት የናይል ስምምነት ግን «የኢንቴቤ ስምምነት» ተብሎ በዜና መሐል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምን እንደሚል፣ ማን እንደፈረመው፣ ለምን ያን ያህል እንደዘገየ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚያ ነው። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቱ የፈረንጅ ነው።

ስምምነቱ የናይልን ውሃ አጠቃቀም በሚመለከት ከምንጭ እስከ መድረሻ ያሉ አገሮች አብረው የተደራደሩበት የመጀመሪያው ሕግ ነው። ለፊርማ የቀረበው በ2010 ኢንቴቤ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ነው። በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

ወንዙ

ናይልን 11 አገሮች ይጋሩታል፦ ብሩንዲ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ሱዳንና ግብፅ። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በአባይ፣ በተከዜና በባሮ አኮቦ በኩል። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወገን ብዙ ውሃ ይዞ ይነሳል፤ ግን ደቡብ ሱዳን ሱድ ረግረግ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ያህሉን ፀሐይ ይወስደዋል። ይህን ማንም አይክድም። ጠቡ ያለው ውሃው የማን ነው የሚለው ላይ ነው።

ከስምምነቱ በፊት

ነገሩ የቆየ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1443 ለግብፁ ሱልጣን ጃቅማቅ በጻፉት ደብዳቤ የአባይን ነገር አንስተዋል። በ1875 እና በ1876 የግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ገጥሞ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል።

በወረቀት የሚጠቀሰው ታሪክ የሚጀምረው ከ1902 ነው። አፄ ምኒልክ በዚያ ዓመት ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሱዳን ድንበር ሲዋዋሉ፣ ሦስተኛው አንቀጽ አባይን፣ ጣናንና ሶባትን የሚመለከት ሆነ። እንግሊዝኛው ቅጂ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። የኢትዮጵያ ወገን ክርክር ምኒልክ የተስማሙት ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ላለመድፈን እንጂ ውሃውን ላለመጠቀም አይደለም የሚል ነው። የአማርኛውን ቅጂ ላነበበ ሰው ክርክሩ አሳማኝ ነው።

በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በጣና ግድብ ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ቀጥሎም በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር በጣና ግድብ ነገር አነጋገሩ። እንግሊዞች አልወደዱትም። ግድቡም ሳይሠራ የጣሊያን ወረራ መጣ።

በ1929 እንግሊዝ በሱዳን ስም ከግብፅ ጋር ተዋዋለች። ለግብፅ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ተመደበ። እንግሊዝ በምታስተዳድራቸው የላይኛው ተፋሰስ ግዛቶች የግብፅን ድርሻ የሚነካ ሥራ ያለ ግብፅ ፈቃድ እንዳይሠራም ተጻፈ። ታንጋኒካ ነፃ ስትወጣ ጁሊየስ ኔሬሬ ቅኝ ገዢ የፈረመው አይገዛንም አሉ። ይህ አቋም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በ1959 ግብፅና ሱዳን እንደገና ተዋዋሉ። አስዋን ላይ በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይደርሳል ብለው አሰሉ። 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ 10 ደግሞ ለትነት። ደምሩት፤ 84 ነው። ለቀሩት አገሮች ጠብታም አልተረፈም። ኢትዮጵያ አልተጋበዘችም። ይመጣል ብላ ጠርጥራ ኖሮ ግን በ1957 መብቷ የተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቃ ነበር። ወዲያውም ከአሜሪካ መንግሥት መሐንዲሶች ጋር የአባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመረች። በ1964 የተጠናቀቀው ያ ጥናት ዛሬ ህዳሴ ግድብ ከቆመበት ብዙ የማይርቅ የግድብ ቦታ ጠቁሟል።

ከዚያ በኋላ ሃይድሮሜት፣ ኡንዱጉና ቴኮናይል የተባሉ የትብብር ሙከራዎች ተከታትለው መጡ። ኢትዮጵያ በሦስቱም ታዛቢ ብቻ ነበረች።

ድርድሩ

ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። በ1993 መለስ ዜናዊና ሆስኒ ሙባረክ ካይሮ ላይ አንዱ የሌላውን ጥቅም በሚጎዳ ሁኔታ ላለመጠቀም ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ አጥብቃ የያዘችው አቋም ግን ከቴክኒክ ትብብር በፊት የሕግ ማዕቀፍ ይምጣ የሚል ነበር። ነገሩ ተደማጭነት አገኘና በ1997 ከየአገሩ የተውጣጣ የባለሙያዎች ቡድን ረቂቁን ይሠራ ጀመር።

በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች ያዘጋጀው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለድምፅ ቀርቦ ነበር። ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ እጃቸውን እኩል የሰበሰቡበት ቀን መሆኑ ነው፤ ምክንያታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር።

የካቲት 15 ቀን 1991 ዓ.ም. (22 ፌብሩዋሪ 1999) ዳሬሰላም ላይ የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ተመሠረተ። ቀኑ እስከ ዛሬ «የናይል ቀን» ተብሎ ይከበራል። ኢትዮጵያ ሙሉ አባል ሆነች። ኢኒሼቲቩ ስምምነቱ ተፈርሞ ቋሚ ኮሚሽን እስኪቆም ድረስ የተዘረጋ መሸጋገሪያ ነው። ድንኳን ማለት ነው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆመ ድንኳን። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኢንቴቤ ነው። የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ቢሮው፣ ማለትም ኢንትሮ፣ አዲስ አበባ ነው። የሐይቆቹ አካባቢ ቢሮ ኪጋሊ ተቀመጠ።

ኢኒሼቲቩን ወሬ ብቻ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። አያስኬድም። ብሩንዲ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ እኩል የሚካፈሉት 80 ሜጋዋት የሩሱሞ ኃይል ማመንጫ የዚህ ትብብር ፍሬ ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን የኤሌክትሪክ መስመርም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ግን የየአገሩ የውሃ መሐንዲሶች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ለመዱ። በፊት ኢትዮጵያዊውና ግብፃዊው ባለሙያ ስለ አንድ ወንዝ የሚያወሩት በየፊናቸው በያዙት ቁጥር ነበር።

ረቂቁ በ2007 ከአንዲት ንዑስ አንቀጽ በስተቀር አለቀ። ያቺ ንዑስ አንቀጽ 14(ለ) ናት። ስለ «የውሃ ዋስትና» ትናገራለች። ይህ ቃል ራሱ የመጣው እንደ ማስታረቂያ ነው። የድሮዎቹ ውሎች ይጠቀሱ ወይስ ይሰረዙ በሚለው መስማማት ስላልተቻለ፣ ውሎቹን ሳይጠሩ ሁሉንም የሚያስተኛ ቃል ተፈለገ። ሰባት አገሮች አንዱ የሌላውን የውሃ ዋስትና «ጉልህ በሆነ ሁኔታ ላለመጉዳት» በሚለው ተስማሙ። ግብፅና ሱዳን አልተቀበሉም። ግብፅ «የውሃ ዋስትናንና አሁን ያለውን አጠቃቀምና መብት ላለመጉዳት» ይባል አለች።

በጆሮ ሲሰሙት ልዩነቱ ኢምንት ነው። ነገር ግን «አሁን ያለው መብት» ማለት የ1929 እና የ1959 ቁጥር ማለት ነው። በበር የወጣው 84 ቢሊዮን በመስኮት ሊገባ ነበር። የግብፅ ወገን በበኩሉ ዝናብ የሌለው ሕዝብ በሌላ ውሃ ሊኖር አይችልም ይላል።

በግንቦት 2009 ሚኒስትሮቹ ኪንሻሳ ተሰበሰቡ። ንዑስ አንቀጿ በአባሪ ትቀመጥ፣ ኮሚሽኑ ከቆመ በስድስት ወር ውስጥ ይፍታት፣ የቀረው ይፈረም ተባለ። ግብፅ እንቢ አለች። በሐምሌ እስክንድርያ ላይ ተጨማሪ ስድስት ወር ተሰጠ። በሚያዝያ 2010 ሻርም ኤል ሼክ ላይ የመጨረሻው ሙከራ ከሸፈ። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ከዚህ በላይ አንጠብቅም አሉ።

ፊርማና ማጽደቅ

ግንቦት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ኢንቴቤ ላይ ፈረሙ። ኬንያ በአምስተኛው ቀን ተከተለች። ብሩንዲ በፌብሩዋሪ 2011 ስድስተኛ ሆነች። ግብፅና ሱዳን በኢኒሼቲቩ ውስጥ ያላቸውን ተሳትፎ አገዱ። ሱዳን በኋላ ተመልሳለች።

በመሐሉ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ የዓለም ዓይንም ወደ ጉባ ዞረ። ቢሆንም ወረቀቱና ግድቡ አልተለያዩም። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የወንዙን አቅጣጫ ቀየረች። በሳምንቱ የያኔው የግብፅ ፕሬዚዳንት መሐመድ ሙርሲ የፖለቲካ መሪዎችን ሰብስበው መከሩ። ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን አንዳንዶቹ ተሰብሳቢዎች አላወቁም ነበር። ግድቡን ስለማበላሸትና ታጣቂ ስለመርዳት ሲያወሩ ዓለም ሰማቸው። ጉድ ነው። ከስብሰባው በአሥረኛው ቀን፣ ሰኔ 6፣ የኢትዮጵያ ፓርላማ ስምምነቱን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከፈራሚዎቹ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ ናት።

ሩዋንዳ በዚያው ዓመት፣ ታንዛኒያ በ2015፣ ኡጋንዳ በ2019፣ ብሩንዲ በ2023 አጸደቁ። ስድስተኛዋ ደቡብ ሱዳን ሆነች፤ በ2024 ተቀላቀለች። ኬንያ ፈርማ ሳታጸድቅ ቆይታለች። ስምምነቱ ስድስተኛው የማጽደቂያ ሰነድ ከገባ 60 ቀን ሲሞላው ሕግ ይሆናል ስለሚል በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሕግ ሆነ። ግብፅና ሱዳን አይመለከተንም ብለዋል።

የህዳሴ ድርድር ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች ካርቱም ላይ የመርሆዎች መግለጫ መፈረማቸውን፣ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁን ማንሳት ይበቃል።

ይዘቱ

ስምምነቱ ለማንም በሜትር ኪዩብ ውሃ አያካፍልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያስቀምጠው መርህ ነው። ዋናው ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም ነው። የሕዝብ ብዛት፣ የአየር ንብረት፣ አገሪቱ ለወንዙ የምታበረክተው ውሃ፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ ሁሉ ተመዝኖ የሚወሰን ነው። ሁለተኛው ጉልህ ጉዳት አለማድረስ ነው። ስለታቀዱ ሥራዎች መረጃ መለዋወጥ፣ አካባቢን መጠበቅ፣ ክርክርን በሰላም መፍታትም አሉበት።

የናይል ተፋሰስ ኮሚሽንን የሚያቋቁመውም ይኸው ሰነድ ነው፤ መቀመጫውም ኢንቴቤ ይሆናል ይላል። የኢኒሼቲቩ መብት፣ ግዴታና ንብረት ወደ ኮሚሽኑ ይዛወራል። 14(ለ)ም በአባሪነት አብራ ትመጣለች። ክርክሯን ያስነሱት ሁለት አገሮች የስምምነቱ አባል ስላልሆኑ፣ አንቀጿ ለውሳኔ ስትቀርብ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚኖሩት ድሮውንም የተስማሙበት አገሮችና በኋላ የተቀላቀለችው ደቡብ ሱዳን ብቻ ናቸው።