ግሉተን ካቆሙ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግሉተን እንዲያቆም የተነገረው ሰው ከጎረቤት የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዳቦ ብቻ ተው፤ በሳምንትህ አዲስ ሰው ትሆናለህ።» ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል። ችግሩ ሳምንቱ ሲያልፍ ነው። ድካሙ እንዳለ ነው፣ ትንሹ ነገር ሁሉ ያስከፋዋል። ያኔ ወይ «ድሮም ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ራሱን ይወቅሳል።

ለመነሻ ያህል፦ ግሉተን ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት ቀጭን አንጀቱን ያጠቃዋል። አንጀቱ ሲጎዳ ብረትና ቫይታሚን በደንብ ወደ ደም አይገባም። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል፤ ብዙዎቹም አያውቁትም።

«ዳቦ ከተውኩ ግሉተን ትቻለሁ»

እኛ አገር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። መንዝ፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያደገ ሰው በገብስ ነው ያደገው። ጠዋት በሶ ይበጠበጣል፣ ቡና ሲፈላ ቆሎ ይቀርባል፣ አራስ ቤት ገንፎ አለ፣ ማኅበር ላይ ጠላ አለ። የጠላው ብቅል ራሱ ከገብስ ወይም ከስንዴ ነው። ዳቦ ትቶ በሶ የሚጠጣ ሰው ግሉተን አላቆመም። «ሞክሬው ምንም ጉልበት አላገኘሁም» ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ገና አልሞከረውም።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ይህ ለእኛ ትልቅ ጸጋ ነው። የምንጃር ጤፍ እያለን ከውጭ የሚመጣ ውድ ዱቄት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ሆኖም እንጀራ ሁሉ ጤፍ ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ የገብስ እንጀራ ይጋገራል፤ ከተማ ውስጥ በሚሸጠውም ላይ ሌላ እህል ሊቀላቀል ይችላል። እቤት ቢጋገር እንኳ እርሾው ከድብልቅ ሊጥ የተረፈ ከሆነ ግሉተኑ አብሮ ይመጣል። ወፍጮ ቤትም እንዲሁ ነው። ከእናንተ በፊት የጅሩ ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከጤፋችሁ ጋር ይወጣል። ከተገኘ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበትን ወፍጮ ምረጡ። ለሽሮም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽንብራ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም።

«ጉልበት በሳምንት ይመለሳል»

አንዳንድ ሰው በቀናት ውስጥ ቀለል ይለዋል፤ በተለይ የሆድ መነፋቱ። ድካም ግን ሌላ ነገር ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ድካም ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ይመጣል፤ ባዶ የሆነ የብረት ክምችት ደግሞ ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። የአዋቂ ሰው አንጀት ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ቢያጥር ምግቡ አልሠራም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ለደጋ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠን በአብዛኛው ከፍ ስለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያው ለከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል። ቆላ ላይ ደህና የሚባል ቁጥር እዚህ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ውጤታችሁን ስትቀበሉ ይህንን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱን ያስቀራል፤ ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይጠቅማል። ምስር ወጥ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ ያግዛል።

«ብስጭቱና ራስ ምታቱ መርዙ እየወጣ ስለሆነ ነው»

ግሉተን ከሰውነት ሲወጣ የሚያመጣው እንዲህ ያለ ነገር ስለመኖሩ ማስረጃ የለም። ይበልጥ ቅርብ የሆኑ ምክንያቶች አሉ። በሶውን፣ ቆሎውንና ዳቦውን ያቆመ ሰው በምትኩ ምንም ካልተካ በቀላሉ ይራባል። ጾም ሲጨመርበት ይብሳል። የተራበ ሰው ይበሳጫል፣ ራሱንም ያመዋል። የገብሱ አሰር ሲቀር ሆድ ድርቀትም ሊመጣ ይችላል።

ሌላው ምክንያት ብቸኝነት ነው፤ ይሄኛውን ማንም አያነሳውም። ሰንበቴ ላይ ጠላውን መመለስ፣ ለቅሶ ቤት የቀረበ ንፍሮ አለመንካት፣ «ናቀችን» መባል ቀላል አይደለም። ቤተሰብ እዚህ ላይ ብዙ ሊያግዝ ይችላል። የሰፈሩን ሰው አስቀድሞ ማስረዳት ለሕመምተኛው ብቻ መተው የለበትም። ጭንቀትና ድባቴ ሴሊያክ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል። ብዙዎች ከወራት በኋላ ይሻላቸዋል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ወይም ሰውየው መኖርን ከጠላ፣ «ምግቡ ያስተካክለዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

«ከተሻለኝ በቃ፣ ሴሊያክ ነበረብኝ፤ ምርመራ ምን ያደርጋል?»

መሻል ብቻውን አያረጋግጥም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ኖርዌይ ውስጥ ሴሊያክ የሌለባቸውን ግን ግሉተን አይስማማንም የሚሉ 59 ሰዎችን አጥንተው ነበር። ምን እንደሚበሉ ሳያውቁ ተሰጥቷቸው፣ ይበልጥ ያስቸገራቸው ግሉተኑ ሳይሆን ፍሩክታን የሚባል ስኳር መሰል ነገር ሆኖ ተገኘ። ፍሩክታን ስንዴ ውስጥ አለ፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥም አለ። የሆድ መነፋትና ድካም ከጃርዲያም፣ ከታይሮይድ ችግርም ሊመጣ ይችላል።

የሴሊያክ የደም ምርመራም ሆነ በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ከአንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። ቀድሞ ካቆመ ውጤቱ በሐሰት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ለመመርመር ሲባልም ለሳምንታት እንደገና መብላት ሊኖርበት ነው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም መጀመሪያ መመርመር፣ ከዚያ ማቆም።

«አሁን ደህና ነኝ፤ ለበዓል አንድ ቁራሽ ድፎ አይገድለኝም»

ሴሊያክ ላለበት ሰው ትንሹም አንጀቱን ይጎዳል፤ ምንም ባይሰማውም እንኳ። የቅዱስ ቁርባን ኅብስት ከስንዴ ስለሆነ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው፤ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር በግልጽ ይነጋገሩበት። ስሜትና ጉልበት ሁልጊዜ እውነቱን ስለማይናገሩ የደም ምርመራው ከስድስት ወር ገደማ በኋላ መደገም አለበት።